አራት ዊኬት ብቻ የወደቀበት ቀን ጨዋታውን እንዴት ገለበጠው? (የሎርድስ ፍጻሜ፣ ሦስተኛ ቀን)

የከዚራው ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰኔ 6 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4፡20

የቴስት ክሪኬትን (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀውን ጨዋታ) የምትከታተሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ በለንደን ሎርድስ ሜዳ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ እያካሄዱት ያለውን የዓለም ቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በተለይም የዛሬውን ሦስተኛ ቀን የሚመለከት ነው። ክሪኬትን ያስተዋወቀኝ ጎረቤቴ የሆነ ህንዳዊ መምህር ሲሆን፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ማታ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሕጉን ከመሠረቱ አስረድቶኛል። አሁን ለዕረፍት ወደ ሀገሩ ስለሄደ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። ጨዋታውን የምከታተለው በስልክ በሚወጣው የጽሑፍ ዘገባ ነው፤ እያንዳንዱ ኳስ ሲወረወር አንድ መስመር ይጻፋል። ምስሉን ለማየት የምገዛው የዳታ ጥቅል አይበቃኝም።

ረቡዕና ሐሙስ ነገሩ ግልጽ ሆኖልኝ ነበር። አውስትራሊያ በመጀመሪያው ኢኒንግስ (የመምታት ተራ) 212 ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ አስመዝግባ መቺዎቿ በሙሉ ወጡ፤ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ138 አለቀች። አውስትራሊያ የ74 ራን ብልጫ ይዛ ሁለተኛውን ኢኒንግስ ስትጀምር እሷም ተንገዳግዳ፣ ገና 73 ራን ላይ ሳለች ሰባት መቺ ወጣባት፤ ያም ሆኖ ሐሙስ ማታ ጨዋታው ሲቆም 144 በስምንት (144 ራን፣ ስምንት መቺ ወጥቶባት) ደርሳ ነበር። በሁለት ቀን 28 ዊኬት ወደቀ፣ ይኸውም 28 መቺ ወጣ ማለት ነው፤ በየቀኑ 14። እኔም 74ን ከ144 ጋር ደምሬ 218 ሲመጣልኝ፣ ቀደም ሲል 138 ላይ ያለቀ ቡድን ይህን አሳዶ ሊይዘው አይችልም ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ልቤ ተናገርኩ።

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት መልስ ስልኬን ስከፍት የአውስትራሊያ የመጨረሻ ጥንድ የሆኑት ስታርክና ሄዝልውድ ገና እየመቱ ነበር። ሁለቱ ብቻ 59 ራን ጨምረው ቡድኑን 207 ላይ አደረሱት፤ የደቡብ አፍሪካ ዒላማም 282 ሆነ። ይሄኔ አበቃ አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ምሽት የወደቀው ሁለት ዊኬት ብቻ ነው። ጨዋታው ሲቆም ደቡብ አፍሪካ 213 በሁለት፣ ማርክራም 102፣ ካፒቴኑ ባቩማ 65፣ ሁለቱም ሳይወጡ። የቀራቸው 69 ራን ነው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዘገባውን ሳነብ ምንም የተለየ ነገር የተፈጠረ አልመሰለኝም። አንድ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ አንድ፣ ባዶ፣ አራት እያለ ዋለ። ማታ ቀና ብዬ ሳይ ጨዋታው ተገልብጧል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ መቼ ነው የተገለበጠው? ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው እንዳይታለል በአንድ የጨዋታ ቀን ውስጥ ምኑን መከታተል ይገባዋል? ደግሞም ባቩማ ጭኑን ታምሞ እያነከሰ ሲሮጥ ውሏልና፣ የሚሮጥለት ሰው ያልተሰጠው ለምንድን ነው? ነገ ዝናብ ቢጥልስ?


ጡረተኛው የሒሳብ መምህር (ሐረር)
ሰኔ 6 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 5፡50

ልጄ፣ “ማን እየመራ ነው” ሳትል “መቼ ተገለበጠ” ብለህ መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል፤ የቴስት ክሪኬት ዋናው ጥያቄ እሱ ነውና። እኔ በንጉሡ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ካስተማሩን ህንዳውያን አንዱ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጨዋታውን እያዳመጠ ውጤቱን በጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ በትንሹ ይጽፈው ነበር። ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጨምርበታል፤ የኳሱን ዕድሜና የሰማዩን ሁኔታ። ለምን እንደሚጽፈው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም በተራዬ ጠመኔ ይዤ መቆም ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አንድ የቴስት ቀን ቢያንስ 90 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው)፣ ማለትም 540 ኳስ እንዲወረወርበት ታስቦ በሦስት ክፍለ ጊዜ ተከፍሏል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል የ40 ደቂቃ የምሳ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የ20 ደቂቃ የሻይ ዕረፍት አለ። የቀኑን ውጤት በአንድ ቁጥር ከመያዝ ይልቅ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ለብቻው ብትመዝነው፣ ማለትም ስንት ራን ገባበት፣ ስንት ዊኬት ወደቀበት ብለህ ብትጽፈው፣ ሚዛኑ ወዴት እያጋደለ እንደሆነ ቀድሞ ይታይሃል።

ሆኖም ከቁጥር በፊት የሚመጣው ኳሱና መሬቱ ነው። ቀዩ ኳስ አዲስ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ስፌቱም ጎላ ብሎ ይታያል። ተጫዋቾቹ አንዱን ጎኑን በሱሪያቸው እያሹ ያወለውሉታል፣ ሌላው ጎኑ ይሻክራል፤ በዚህ የተነሳ ኳሱ በአየር ላይ ሳለ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል። የሎርድስ ወርዋሪዎች ሰማዩ ሲዳምን ይበልጥ እንደሚታጠፍላቸው ሲናገሩ ኖረዋል፤ ሜዳው ራሱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስለሚያዘቀዝቅ፣ መሬት ነክቶ የሚነሣው ኳስ አቅጣጫውን ሲለውጥ መቺውን የበለጠ ያሳስተዋል። ኳሱ እያረጀ ሲሄድ ግን ይለሰልሳል፤ ፀሐይም ከወጣች ፒቹ (ኳሱ የሚነጥርበት የመሃሉ መሬት) ይደርቅና ተንኮሉ ይቀንሳል። ወርዋሪው ቡድን አዲስ ኳስ የመጠየቅ መብት የሚያገኘው 80 ኦቨር ካለፈ በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። እኔ እንደማምነው ጨዋታው የተገለበጠው ደቡብ አፍሪካ መምታት ከመጀመሯ በፊት ነው። አንተ ስታርክና ሄዝልውድ 59 ራን ሲጨምሩ አይተህ “ይሄኔ አበቃ” አልክ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት ደቡብ አፍሪካ ታሸንፋለች ማለት ጀመርኩ። ለምን ቢባል፣ ስታርክ ዘጠነኛ፣ ሄዝልውድ አስራ አንደኛ ሆነው የሚሰለፉ፣ ሥራቸው መወርወር እንጂ መምታት ያልሆነ ሰዎች ናቸው። ስታርክ 58 አስመዝግቦ አለመውጣቱ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን እንደ ደቡብ አፍሪካው ራባዳ ያለ፣ በዚህ ጨዋታ ዘጠኝ ዊኬት የወሰደ ወርዋሪ እያለ አስራ አንደኛው መቺ ያን ያህል ጊዜ ሳይቸገር ከቆየ፣ የተለወጠው ሰውየው ሳይሆን መሬቱ ነው። የመጨረሻውን ዊኬት ማን እንደወሰደው አስተውለሃል? ማርክራም ነው፤ እሱ ደግሞ ዋና ሥራው መምታት የሆነ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ኳስ የሚሰጠው ተጫዋች ነው። በ138 ያለቀው ቡድን የመታው በረቡዕና በሐሙሱ መሬት ላይ ነበር። 282ን የሚያሳድደው ቡድን ግን የሚመታው በዓርቡ መሬት ላይ ነው። አንተ የሁለት የተለያዩ ቀኖችን ቁጥር በአንድ ሚዛን መዘንክ፤ ስህተትህ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ዝናቡ አትጨነቅ። ለፍጻሜው አንድ ተጠባባቂ ቀን ተይዞለታል፤ ያም አልበቃ ብሎ ጨዋታው አቻ ከቀረ ሁለቱ ቡድኖች ዋንጫውን ይጋሩታል። የባቩማ ነገር ግን ለእኔም እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። በእኛ ጊዜ የተጎዳ መቺ የሚሮጥለት ሰው ይፈቀድለት ነበር፤ እሱ ለምን እንዳልጠየቀ የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳን።


የሸዋ በሯ (ሐረር)
ሰኔ 7 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚሮጥለት ሰው ያልተሰጠው ባለመጠየቁ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጥቅምት ጀምሮ በዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ተተኪ ሯጭን ከልክሏል። የተጎዳ መቺ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ሜዳውን ለቆ ይወጣል፣ ኋላም ዊኬት ሲወድቅ ሊመለስ ይችላል፤ ወይም እንደ ባቩማ እያነከሰ ይሮጣል።

ስለ መሬቱ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ሁሉን ነገር ለመሬቱ መስጠት ይከብደኛል። የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን የተከታተልኩት በህንድ ቪሻካፓትናም፣ በአንድራ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እዚያ የቴስት ቀን ከሌላው ቀን ጋር ተጋምዶ ነው የሚኖረው። ጨዋታው ሲጀመር የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ቁርሳቸውን ጨርሰው ሬዲዮናቸውን ይከፍታሉ፤ ለምሳ ሲቋረጥ እሳቸውም ይመገባሉ፤ ሲያልቅ አትክልት ያጠጣሉ። ጨዋታው ምን ላይ እንደደረሰ ሳልጠይቅ በግቢው ውስጥ ከሚያደርጉት ነገር አውቀው ነበር። እሳቸው ደጋግመው የሚያነሡልኝ ቀን እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2001 በኮልካታ የተጫወቱትን አራተኛ ቀን ነው። ታሪኩን እዚህ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለወንድሜ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አውስትራሊያ ያን ጊዜ በተከታታይ 16 ቴስት አሸንፋ ነበር የመጣችው። በመጀመሪያው ኢኒንግስ 445 አስመዘገበች፤ ህንድ ደግሞ በ171 አለቀች። ልዩነቱ ከ200 ስለበለጠ አውስትራሊያ በሕጉ መሠረት ህንድ ወዲያው ደግማ እንድትመታ አደረገች። አራተኛው ቀን ሲጀመር ህንድ 254 በአራት ነበረች፤ ቀኑ ሲያልቅ 589 በአራት። ላክስማንና ድራቪድ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይወጡ 335 ራን ጨመሩ። በዚያ ቀን አንድም ዊኬት አልወደቀም። በማግስቱ ህንድ በ171 ራን ልዩነት አሸነፈች። ላክስማን በ281፣ ድራቪድ በ180 ነበር የወጡት። እንግዲህ የወደቀውን ዊኬት ብቻ የሚቆጥር ሰው ያን ቀን “ምንም አልተፈጠረም” ብሎ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ቀን ምን ይታያል? ወንድሜ፣ አንተ “አንድ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ አንድ” ብለህ እንደ አሰልቺ የጠቀስከው ራሱ ነው የሚታየው። መቺ ሲጨነቅ ባዶዎች ይከማቻሉ፤ ስድስቱም ኳስ ባዶ የሆነበት ኦቨር ይደጋገማል፤ ከዚያ መካከል ድንገት አራት ይመጣል፤ ቀጥሎ ዊኬት ይወድቃል። መቺ ሲረጋጋ ግን ነጠላ ራኖች በየኦቨሩ መታየት ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም ኳሱን የት እንደሚልከው እየመረጠ ነው። ሁለተኛው ምልክት ስሊፕ ላይ የቆሙት ሰዎች ብዛት ነው። ስሊፕ ማለት ከዊኬት ጠባቂው (ከመቺው ኋላ ከሚቆመው ቀላቢ) ጎን ቆመው የመቺውን ዱላ ጠርዝ ነክቶ የሚሄደውን ኳስ የሚቀልቡት ናቸው። ካፒቴኑ ዊኬት ሲጠብቅ ሦስትና አራት ሰው እዚያ ያቆማል፤ ተስፋው ሲቀንስ አንድ በአንድ እያነሣ ራን ለመከልከል ወደ ሩቅ ይልካቸዋል። የጽሑፍ ዘገባው ብዙ ጊዜ ይህን ይጠቅሳልና ዐይንህ አይለፈው። ካፒቴኑ አፉን ሳይከፍት የሚያስበውን የሚነግርህ በዚህ ነው።

ስለዚህ እኔን “መቼ ተገለበጠ” ብትለኝ ሁለት ሰዓቶችን እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው ባቩማ ገና ሁለት ራን ላይ ሳለ የስታርክን ኳስ ጠርዝ አስነክቶ፣ ስሊፕ ላይ የቆመው አውስትራሊያዊው ስሚዝ ሳይቀልበው የቀረበት ነው። ፒቹ ስለደከመ የሚነካው ኳስ ስሊፕ ሳይደርስ መሬት ይወድቅ ነበር፤ ስሚዝም ያን ለመከላከል የራስ ቁር አጥልቆ ከተለመደው በላይ ተጠግቶ ቆመ፤ ኳሱ ፈጥኖበት የቀኝ እጁን ትንሽ ጣት አውልቆት ከሜዳ ወጣ። ጋሼ፣ ይህ እርስዎ ያሉትን የሚደግፍ ነው፤ ያ ሰው ያን ያህል እንዲጠጋ ያስገደደው መሬቱ ነውና። ሁለተኛው ሰዓት ግን መሬቱን አይመለከትም። ባቩማ የጭኑ ጅማት ተጎድቶ ሳለ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ተመልሶ መጣ። እሱ ቢቀር ኖሮ ማርክራም ከአዲስ ሰው ጋር እንደገና መጀመር ነበረበት፤ አዲስ መቺ ደግሞ በማንኛውም መሬት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ኳሶች ይከብዱታል። ያን በር የዘጋው ሰውየው ነው።


የመጋላ ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰኔ 7 ቀን 2017፣ ከረፋዱ 4፡35

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ የምኖረው ጆሃንስበርግ ነው፤ ጄፒ በምንለው የሐበሻ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለኝ። ለአረፋ ወደ ቤተሰብ መጥቼ ገና አልተመለስኩም። ሁለታችሁም የጻፋችሁትን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ “ተገለበጠ” የሚለውን ቃል ዛሬ ጠዋት ለመቀበል ልቤ እምቢ ብሎኛል። የደቡብ አፍሪካን ክሪኬት ከሕዝቡ ጋር ሆኖ የተከታተለ ሰው ለምን እንደምል ይረዳኛል።

ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1992 አንድም ቴስት አልተጫወተችም። ስትመለስ የመጀመሪያው ቴስቷ በ1992 በባርቤዶስ ከዌስት ኢንዲስ ጋር ነበር። ዒላማዋ 201 ራን ሲሆን የመጨረሻው ቀን ዋዜማ 122 በሁለት ደርሳ አደረች። ስምንት ዊኬት በእጇ፣ የሚቀራት 79 ራን። በማግስቱ አምብሮስና ዋልሽ የቀሩትን ስምንት መቺዎች በ26 ራን ብቻ አስወጧቸው፤ በ148 አልቃ በ52 ራን ተሸነፈች። ትናንት ማታ 213 በሁለት የሚለውን ሳይ በቅድሚያ የመጣብኝ ያ ቁጥር ነው። ባለፈው ዓመትም በዚያው በባርቤዶስ፣ በአጭሩ የሃያ ኦቨር የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ፣ በ30 ኳስ 30 ራን ብቻ ቀርቷት በሰባት ራን ስትሸነፍ ሱቄ ውስጥ ከደንበኞቼ ጋር ቆሜ አይቻለሁ። ያን ማታ ማንም ሳይናገር ነበር የተበተንነው።

በመሆኑም ለጠያቂው ወንድሜ የምጨምረው ይህ ነው፦ በቴስት ሌሊቱም የጨዋታው አካል ነው። ሁለቱ መቺዎች ሰውነታቸው ሞቆ፣ ዐይናቸው ኳሱን ለምዶ ሳለ ጨዋታው ይቆማል፤ ጠዋት ሲመለሱ ግን ትናንት 102 ያስመዘገበው ሰው እንኳ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። የቀኑ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የሚያስፈራው ለዚህ ነው። የባቩማ ጭንም አድሮ ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም።

ስለ ባቩማ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከኬፕታውን ጥቁሮች ሰፈር ከላንጋ የወጣ ሰው ነው፤ የደቡብ አፍሪካን የቴስት ቡድን በቋሚ ካፒቴንነት ለመምራት የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆኗል፤ ከዚህ ፍጻሜ በፊት በመራቸው ዘጠኝ ቴስቶች አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ሆኖም ቁመቱ አጭር በመሆኑ ሲቀለድበት፣ ቦታው የተሰጠው ለቀለሙ ነው ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትናንት እያንዳንዱን ራን እያነከሰ ሲሮጥ ሳይ በእነዚያ ንግግሮች ሁሉ ላይ እየሮጠ ያለ መሰለኝ። ዛሬ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ይህ አይለወጥም። ጨዋታው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ስልኬን ይዤ ከዘመዶቼ ግቢ ውስጥ አልወጣም።


የከዚራው ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰኔ 7 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 1፡15

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንደ መምህርዎ አደረግኩ፤ የቢሮ ደብተሬን ከፍቼ ከውጤቱ ጎን የኳሱን ዕድሜና የሰማዩን ሁኔታ የምጽፍባቸው ሁለት መስመሮች አሰመርኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረም፤ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ተከታተልኩ።

ገና አንድ ራን ብቻ እንደጨመረ ባቩማ በ66 ወጣ፤ ኩሚንስ ወረወረ፣ ዊኬት ጠባቂው ኬሪ ቀለበው። የመጋላው ወንድሜ፣ በዚያች ደቂቃ የጻፍከው 1992 ፊቴ ላይ ተደቀነ፤ እጄ ላብ በላብ ሆነ። ቀጥሎ ስታብስ በስምንት ራን የስታርክ ኳስ ችካሎቹን መቶበት ሲወጣ፣ ሐሙስ ማታ “አይደርሱበትም” ያልኩትን አስታውሰው ከባልደረቦቼ ሁለቱ ደወሉልኝ። መብራት የጠፋውም በዚሁ መካከል ነው፤ የስልኬ ባትሪ እያለቀ ስለነበር ዘገባውን በየአምስት ደቂቃው ብቻ እየከፈትኩ ማየት ጀመርኩ።

በዚህ ጊዜ የጠቀመኝ ግን እህቴ ያሳየችኝ ነገር ነው። የተከፈተውን ገጽ ባየሁ ቁጥር ነጠላዎቹ አሁንም በየኦቨሩ አሉ። ባዶዎቹ በዝተዋል፣ አራቶቹ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ማርክራም ከአንዱ ጫፍ አልተነቃነቀም። ዐርብ ቢሆን ኖሮ ይህን “ምንም አልተፈጠረም” ብዬ እዘልለው ነበር። ዛሬ እያንዳንዷ “አንድ” ከ69ኙ ላይ ስትቀነስ አብሬ ቀነስኩ። ማርክራም ለድል ስድስት ራን ሲቀር በ136 ወጣ፤ አውስትራሊያውያኑ ራሳቸው እየሄዱ እጁን ጨበጡት። በመጀመሪያው ኢኒንግስ ምንም ራን ሳያስመዘግብ የወጣ ሰው መሆኑን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል። የመጨረሻውን ራን ቬሬይና መታ። ደቡብ አፍሪካ በአምስት ዊኬት አሸነፈች፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ዋንጫ ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። ከባቩማ መውጣት በኋላ አውስትራሊያ በርካታ ኦቨሮችን በአሮጌው ኳስ ስትወረውር፣ ዘገባው “አዲሱ ኳስ እየተጠበቀ ነው” እያለ ደጋግሞ ይጽፍ ነበር። ጋሼ እንዳሉት አዲስ ኳስ ለወርዋሪ የሚጠቅም ከሆነ፣ የሚያሳድደው ቡድን 80ኛው ኦቨር ከመድረሱ በፊት ለመጨረስ መቸኮል አልነበረበትም?


ጡረተኛው የሒሳብ መምህር (ሐረር)
ሰኔ 7 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡05

እንኳን ደስ አለን፤ በተለይም ለመጋላው ልጅ። እህታችን ስለ ተተኪ ሯጩ ሕግ ስላረመችኝ አመሰግናታለሁ። ባቩማ ከሻይ በኋላ ስለመመለሱ ያለችውንም ሳስበው ውዬ ተቀብያለሁ፤ መሬቱ በሩን ከፍቷል፣ የገቡት ግን ሰዎቹ ናቸው።

መቸኮልን በሚመለከት፣ ልጄ፣ የጠየቅከው ትልቅ ነገር ነው። አዲስ ኳስ ለወርዋሪው ያግዛል፤ ነገር ግን ጠንካራ ስለሆነ ዱላ ከነካ በፍጥነት ይሄዳል፣ ስለዚህ ራንም በቶሎ ይመጣል። የሚቀረው ራን ጥቂት ሲሆን፣ በአሮጌው ኳስ ተቻኩሎ ሁለት ዊኬት ከማጣት ይልቅ በአዲሱ ኳስ ሁለት ጊዜ አራት ማግኘት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ካፒቴን ብዙ ነው። ጊዜም አልጎደላቸውም፤ አምስተኛው ቀን ሙሉው በእጃቸው ነበር። የሚያሳድድ ቡድን መቸኮል ያለበት ከጨዋታው የሚቀረው ኦቨር ሲያንሰው ነው።

ያሰመርከውን ደብተር አትጣለው። አንድ መስመር ደግሞ ጨምርበት፤ እህታችን እንዳለችው ስሊፕ ላይ ስንት ሰው እንደቆመ።


የሸዋ በሯ (ሐረር)
ሰኔ 7 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ አክብረውኛል። ለወንድሜ የምጨምረው የሰዓቱን ነገር ነው። ህንድ ከእንግሊዝ ጋር የምታደርጋቸው አምስት ቴስቶች ሰኔ 13፣ በመጪው ዓርብ፣ በሊድስ ከተማ ሄዲንግሌይ ሜዳ ይጀመራሉ። በእኛ አቆጣጠር ጨዋታው ከቀኑ 7 ሰዓት ይጀምራል፤ ከጁምዓ ሰላት ስትመለስ ከመጀመሪያዎቹ ኦቨሮች ጥቂቱ ብቻ ነው የሚያልፍህ። ጎረቤትህ መምህርም እዚያው ሀገሩ ሆኖ እንደሚከታተል አልጠራጠርም፤ ደብተርህን ፎቶ አንሥተህ ላክለት።